ነፋሱ ከየት ነው?

ሠዓሊ ልጆች፣ እንደምን ከረማችሁ?

ባለፈው ሰሞን ከእናንተ አንዷ ስቱዲዮዬ መጥታ ነበር። ገና ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። የሥዕል ደብተሯን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ፣ እኔ ሳገላብጥ ዝም ብላ ታየኛለች። ገጹ ሁሉ ባሕር ነው። ጀልባ፣ ወደብ፣ የረጠበ አሸዋ፣ ደግሞ ጀልባ። መጨረሻ ላይ እንዲህ አለችኝ፦ “ጋሼ፣ ካደግኩበት የባሕር ዳርቻ ከወጣሁ ስምንት ዓመቴ ነው። የምኖረው ፎቅ ላይ፣ የማየው ግድግዳ። እጄ ግን አሁንም እሱን ነው የሚሥለው። እየዋሸሁ ይሆን እንዴ?”

ምን እንደመለስኩላት በደንብ አላስታውስም። “አይ፣ በርቺ” ዓይነት ነገር ነው ያልኳት። ሽማግሌ መልስ ሲያጣ የሚላት ነገር ናት። ከሄደች በኋላ ግን ጥያቄዋ አላስተኛኝ አለ። የእኔም ጥያቄ ነበረችና። እኔም ያደግኩት በባሕር ዳርቻ ነው። በዐሥራ ሰባት ዓመቴ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ አርባ ምናምን ዓመት ከተማ ውስጥ ነኝ። መስኮቴ የሚያሳየኝ የፊት ለፊቱን ሕንፃ ጀርባና የልብስ ማስጫ ገመድ ነው። ከሣልኳቸው ሥዕሎች ግን ከግማሽ በላይ የሚሆነው ባሕር ነው። ስለዚህ ይቺን ደብዳቤ ለሷም፣ እንደሷ ለምትጠይቁም ሁሉ ልጻፋት።

ከውርደቴ ልጀምር።

የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ዓመታት ባሕሮቼ በሙሉ ሰማያዊ ነበሩ። ሰማያዊም ሰማያዊ አለው፤ የኔ የፖስትካርድ ሰማያዊ ነበር። ነጭ ጀልባ፣ ንጹሕ አሸዋ፣ ሁለት ሦስት ወፍ። ይሸጡ ነበር። አንድ የጋለሪ ባለቤት በየሁለት ወሩ እየደወለ “ከዚያች ከሰማያዊዋ ሁለት ጨምርልኝ” ይለኛል። እጨምርለታለሁ። ኪራይ አለ፣ ልጅ አለ፣ ምን ላድርግ። በልቤ ግን ያደግኩበትን ባሕር እየሣልኩ ነው ብዬ አምን ነበር። ሰው ሲጠይቀኝም እንደዚያው ነው የምለው። ዓይኔ እንባ እስኪያቅር ድረስ አወራ ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

አጎቴ ዕድሜ ልኩን ዓሣ አጥማጅ ነበር። አንድ ጊዜ ለሕክምና ወደ ከተማ መጣና እኔ ጋ ሰነበተ። በጊዜው የምኮራበትን ትልቁን ሥዕል ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ፊቱ ቆመ። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ረጅም ጊዜ አየው። እኔ በሩ ላይ ሆኜ ምርቃት እጠብቃለሁ።

“ነፋሱ ከየት ነው?” አለኝ።

“የቱ ነፋስ?”

“እዚህ ያለው ነዋ። የጀልባዋ ሸራ ወደ ግራ ተነፍቷል። የማዕበሉ አረፋ ወደ ቀኝ ይበተናል። ማዶ ካለው ቤት የሚወጣው ጭስ ደግሞ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ይሄ ሰውዬ በየትኛው ነፋስ ነው የሚጓዘው?”

የምመልሰው አጣሁ። ሳያዝንልኝ አልቀረም። “ጀልባዋ ግን ታምራለች” ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ያ ማጽናኛ ከስድብ በላይ አመመኝ።

በነገራችን ላይ፣ በቋንቋችን እሱ የሚጓዝበትም እኔ የምሥልበትም ጨርቅ ሸራ ነው የሚባለው። የሱ ሸራ ነፋስ ካላወቀ ሰው ይገድላል። የኔው ግን ይሸጣል።

ያን ሌሊት ስገላበጥ አደርኩ። ልጅ ሆኜ እኮ ነፋሱ ከየት እንደሆነ ዓይኔን ሳልገልጥ ነበር የማውቀው። ከየብስ ሲነፍስ የአፈርና የጭስ ሽታ ይመጣል፤ ውኃው ዳር ዳሩን ተኝቶ ይውላል። ከባሕር ሲነፍስ አንሶላው ራሱ ይረጥባል፤ ከንፈሬን ስልስ ጨው ነው። ትልልቆቹ ሰዎች ገና በር ሳይከፍቱ፣ ዛሬ ጀልባ ይወጣል ወይስ አይወጣም የሚለውን ከድምፁ ለይቼ አውቀው ነበር። ያ ልጅ የት ሄደ? ያን ሁሉ የሚያውቅ ልጅ እያለልኝ ሦስት ነፋስ በአንድ ሸራ ላይ እንዴት ሣልኩ?

ቀስ ብሎ ነው የገባኝ። የናፈቀኝን ነበር የምሥለው። ናፍቆት ደግሞ ነፋስ የለውም። ሰዓትም የለውም። ያማረ ያማረውን ከየቦታው እየለቀመ አንድ ላይ ያስቀምጣል፤ የጠዋትን ብርሃን ከማታ ሰማይ ጋር፣ የማዕበል ወቅትን ውኃ ከጸጥታ ወቅት አሸዋ ጋር። የዓሣ አንጀት የሚጣልበትን ጥግ ያልፈዋል። ዝገቱን፣ የተበጣጠሰውን መረብ፣ ዘይት ያረፈበትን የወደብ ውኃ ያልፈዋል። ትዝታ የሚለው ቃላችን ሁለቱን አንድ ላይ አስሮ ይዟል፤ ያስታወሳችሁትንም የናፈቃችሁትንም ትዝታ ትሉታላችሁ። ለዘፈን ይመቻል። ሠዓሊ ግን ቋጠሮውን ፈትቶ ሁለቱን ለየብቻ ቢያስቀምጣቸው ይሻለዋል።

መለየቱ እንዴት ነው ካላችሁኝ፣ የኔው የተጀመረው በድካም ነው።

በቀጣዩ ዓመት ሁለት ሳምንት አገኘሁና ወደ ባሕሩ ተመለስኩ። ሦስት ቀን ሙሉ የሥዕል ማቆሚያዬን ተክዬ ቆሜ ሣልኩ። የወጣው ያው ፖስትካርድ ነው። እንዲያውም የባሰ፤ ነፋሱ እየገፋኝ መስመሩ ሁሉ ተንቀጥቅጧል። በአራተኛው ቀን ወገቤን አመመኝ። ደብተሬን ይዤ ውኃው ጫፍ ላይ፣ አሸዋው ላይ ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩ። ቀና ስል ባሕሩ ሌላ ነው። ተነሥቶ ቆሟል!

ነገሩ ቀላል የዓይን ሕግ ነው። አድማስ ሁልጊዜ የሚቀመጠው በዓይናችሁ ቁመት ልክ ነው። ስትቆሙ አብሯችሁ ይነሣል፣ ስትቀመጡ አብሯችሁ ይወርዳል። ዓይኑ ከመሬት 1 ሜትር ከፍ ያለ ልጅ ውኃው ጫፍ ላይ ሲቆም አድማሱ 3.6 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቀዋል። ዓይኑ 1.7 ሜትር ላይ ያለ ትልቅ ሰው 4.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ያያል። ርቀቱስ ግድ የለም፤ ዋናው ማዕበሉ ነው። ከዓይናችሁ ቁመት የሚያንስ ማዕበል ሁሉ ከአድማሱ በታች ይቀራል። ከላይ ሆናችሁ ነው የምታዩት፤ እንደ ምንጣፍ። የሚበልጣችሁ ግን አድማሱን ቆርጦ ሰማዩ ውስጥ ይገባል። ለትልቅ ሰው ደረቱ ድረስ የምትመጣ ማዕበል ለልጅ ግድግዳ ናት።

እንግዲህ አስቡት። የልጅነቴን ባሕር ዐሥር ዓመት ሙሉ በትልቅ ሰው ቁመት ነበር የምሥለው። ያስፈራኝ የነበረውን ነገር አስተኝቼ፣ ከላይ ሆኜ እያየሁ። የሚያምረውም ለዚያ ነው፤ የተኛ ነገር ያምራል።

ያን ቀን የሣልኳት ንድፍ ከመዳፌ አትበልጥም። አድማሱ ወረቀቱ ግርጌ አጠገብ ነው። አንዲት ማዕበል ትቆርጠዋለች። ልትሰበር ስትል ጫፏ ይሳሳል፤ ብርሃኑ ከኋላ ገብቶ አረንጓዴ ያደርጋታል፤ እንደ ጠርሙስ ስባሪ። አረፋዋ ደግሞ ከጀርባዋ ካለው ሰማይ ይልቅ ጠቆር ያለ ነው፤ ፀሐይዋ ከማዶ ስለነበረች። አረፋ ነጭ ነው ብዬ ስንት ዓመት ነጭ ቀብቼዋለሁ መሰላችሁ! ያቺ ወረቀት ዛሬም ከማቆሚያዬ በላይ ተለጥፋለች። ጥጓ በጨው ውኃ ተጨማድዷል።

የጃፓኑ ሠዓሊ ሆኩሳይ ይሄን ነገር ጥንቅቅ አድርጎ ያውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1831 አካባቢ የሠራውን የታላቁን ማዕበል ሕትመት ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ኩባያ ላይ ሳይቀር ታትሟል። አሁን ግን እንደ ሠዓሊ እዩት። የምናየው ከውኃው ጋር እኩል ሆነን ነው። አድማሱ ዝቅ ብሏል። ፉጂ ተራራ 3,776 ሜትር ነው፤ እዚያ ላይ ግን ከማዕበሉ ሥር የተጣለች ትንሽ ኮረብታ መስሏል። ጀልባው ውስጥ ያሉት ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው እንጨቱን ይዘዋል። ሆኩሳይ ያን ጊዜ ሰባ ዓመት ገደማ ነበር። ከዓለም ትልልቅ ከተሞች አንዷ በነበረችው በኤዶ፣ በዛሬዋ ቶኪዮ፣ ነው የኖረው። ሰባ ዓመት ሆኖት እንኳ ከታች ነው ያየው።

እናንተም ሥዕላችሁን ስትጀምሩ ከቀለሙ በፊት ይሄን ጠይቁ፦ ያን ጊዜ ስንት ዓመቴ ነበር? ቆሜ ነበር ተቀምጬ? ትከሻ ላይ ተሸክመውኝ ነበር? መስኮት ላይ ተንጠላጥዬ ነበር? አድማሱን እዚያ አስቀምጡት። የቀረው ሥዕል ግማሹ ራሱ ይመጣል።

አሁን ወደዚያ ሰማያዊ ልመለስ፤ አልጨረስኩም።

ባሕር ሰማያዊ የሚሆነው ጥልቅና ንጹሕ ሲሆን ነው። ውኃ ከብርሃኑ ውስጥ ቀዩን ቀድሞ ስለሚውጠው ሰማያዊው ይተርፋል። ከላይ ደግሞ የሰማዩ መልክ ያርፍበታል። ዳር ዳሩን ግን አሸዋ ይበጠብጠዋል፣ ደቃቅ ዕፅዋት ይበቅሉበታል፣ ወንዝ ጭቃ ያመጣበታል። ስለዚህ አረንጓዴ ይሆናል፣ ቡኒ ይሆናል፣ ደመና ሲመጣ የቆርቆሮ ቀለም ይይዛል። እኔ ልጅ ሆኜ የዋኘሁበት ውኃ አብዛኛውን ጊዜ ግራጫ ነበር። ግራጫ ነበር! ይሄን ለማመን አርባ ዓመት አካባቢ መሆን ነበረብኝ። ዛሬ የምጠቀመው ግራጫ ከቱቦ አይወጣም። አልትራማሪን ሰማያዊና በርንት ሲዬና የሚባለውን ቀላ ያለ ቡኒ እቀላቅላለሁ። አንዱን ሲያበዙት ወደ ዝናብ፣ ሌላውን ሲያበዙት ወደ አሸዋ ይሄዳል። ሁለት ቱቦና ነጭ ይዛችሁ አንድ ወር ሙሉ ባሕር መሣል ትችላላችሁ።

ሰማያዊው የበዛብኝ ደግሞ ለናፍቆት ብቻ ብዬ አልነበረም፤ ለአምፖልም ጭምር ነው። ቀን ሌላ ሥራ ስለነበረኝ የምሥለው ማታ ነበር። አምፖሌ ቢጫ ነው። በቢጫ ብርሃን ሰማያዊ ቀለም ሞቶ ይታያል። ስለሞተብኝ እጨምራለሁ። አሁንም ይሞታል፤ አሁንም እጨምራለሁ። አንድ ጊዜ ዐሥራ አንድ ሥዕል እንዲህ ሠርቼ ለዐውደ ርእይ በጠራራ ፀሐይ ከመኪና ሳወርዳቸው ክው ነው ያልኩት። የመዋኛ ገንዳ መስለዋል። ለመመለስ ጊዜ አልነበረም። እንደዚያው ሰቀልናቸው። ሰዉ “እንዴት ደማቅ ነው!” እያለ አለፈ። እባካችሁ፣ ከውድ ብሩሽ በፊት ለአምፖል ገንዘብ አውጡ። የብርሃኑ ቀለም 5000 ኬልቪን አካባቢ የሆነ፣ የቀለም ታማኝነት መለኪያው (CRI) ከ90 በላይ የሆነ ይበቃል። ማሸጊያው ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ነገም ጠዋት ሥዕሉን መስኮት ጋ ወስዳችሁ እዩት።

ከተማ ባሕርን ያስረሳል የሚሉ አሉ። እኔ እንደዚያ አይመስለኝም። የረጠበ አሸዋ መሣል የተማርኩት ከአስፋልት ነው።

አንድ ማታ ዝናብ አባርቶ አውቶቡስ ስጠብቅ ነው። መንገዱ ጥቁር ነው። የመኪናው መብራት ግን እላዩ ላይ ተዘርግቶ እግሬ ድረስ ይመጣል። ደረቅ የቀረው ጥግ ነጣ ብሏል፣ ምንም አያንጸባርቅም። አየሁት፣ አየሁት፣ ይሄማ ማዕበል የተመለሰበት አሸዋ ነው! ሲረጥብ ይጠቁራል፣ ወዲያውም መስታወት ይሆናል። ጠቆር ያለ ነገር ሰማዩን እንዴት ይይዛል እያልኩ ዓመታት የተቸገርኩበት ነገር መንገድ ላይ ተፈታ። አውቶቡሱ አመለጠኝ።

ምክንያቱን በኋላ ነው ያነበብኩት። ደረቅ አሸዋ ላይ ብርሃን ሲያርፍ በየቅንጣቱ እየተመታ ወደ እኛ ይበተናል፤ ስለዚህ ነጣ ይላል። ውኃ በቅንጣቶቹ መሐል ሲሞላ ብርሃኑ ወደ ውስጥ ይዘልቅና ብዙው እዚያው ይዋጣል። ላዩ ደግሞ ለስልሶ ሰማዩን እንደ መስታወት ይመልሳል። ሥዕል ላይ ስታደርጉት ሁለት ነገር ነው ማለት ነው፦ መጀመሪያ አጥቁሩ፣ ሲደርቅ ሰማዩን ስስ አድርጋችሁ እላዩ ላይ ጎትቱ። ባንድ ጊዜ ቀላቅላችሁ ልትጨርሱት አትሞክሩ፤ ጭቃ ነው የሚወጣው።

ባሕር ዳር ያደገ ልጅ ሁሉ ደግሞ ይሄን ያውቃል። ውኃው ውስጥ የሚያበራ ድንጋይ ታያላችሁ። ቀይ ነው፣ ሐምራዊ መስመር አለበት፣ ዕንቁ ነው የሚመስለው። ኪሳችሁ ትከቱታላችሁ። ቤት ስትደርሱ ታወጡታላችሁ። ግራጫ ድንጋይ። ማን እንደቀየረባችሁ ግራ ይገባችኋል። እኔ አንድ ጣሳ ሙሉ እንደዚህ ያለ ድንጋይ ነበረኝ፤ እናቴ ልትጥለው ስትል አለቅስ ነበር። ምራቄን እየቀባሁ አሳያታለሁ። “እይ፣ አለ እኮ፣ ውስጡ ነው ያለው!”

ያ ምራቅ ሙያዬ ሆነ። የዘይት ቀለም ሲደርቅ እዚህም እዚያም ይደበዝዛል። ጥቁሩ አመድ ይመስላል፣ ሰማያዊው ይሰምጣል። ጀማሪ ሰው ይደነግጥና ከላይ ደማቅ ቀለም ይደርብበታል። ተዉት። ስድስት ወር፣ ዓመትም ቢሆን፣ በደንብ እስኪደርቅ ጠብቁና ስስ ቨርኒሽ ቀቡት። ቀለሙ ተመልሶ ይመጣል። ቨርኒሹ ሻካራውን ገጽ ይሞላዋል፣ የተበተነው ነጭ ብርሃን ይቀንሳል፣ ከሥር ያለው ቀለም ይወጣል። ድንጋዩን ውኃ ውስጥ መመለስ ማለት ነው፤ ሥራው አንድ ዓይነት ነው። ከድንጋዮቹ አንዱ አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ሥራ ሲጠፋብኝ እልሰዋለሁ። ጨው የለውም አሁን።

“እና መመለስ አለብኝ ወይስ የለብኝም?” የሚለውን ደግሞ ብዙዎቻችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ለመመለሻ ገንዘብ የሌላችሁ በተለይ።

ሁለት ሠዓሊዎችን ላንሳላችሁ። ስፔናዊው ሆአኪን ሶሮያ እ.ኤ.አ. በ1863 ቫለንሲያ፣ ባሕር ዳርቻ ተወለደ። ኑሮው ግን ማድሪድ ነበር፤ ማድሪድ ባሕር የላትም። ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ነው። እሱ ባሕርን የሚሥለው እዚያው ተገኝቶ ነበር። ሸራውን ተሸክሞ እየተመለሰ አሸዋው ላይ ተክሎ፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ ይሥል ነበር። የሣላቸውን ልጆች እዩ፤ ቆዳቸው ላይ ያለው ውኃ ገና አልደረቀም። ኢቫን አይቫዞቭስኪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1817 ጥቁር ባሕር ዳር በምትገኘው ፌዮዶሲያ ተወለደ። ወደ 6,000 የሚጠጋ ሥዕል ሠርቷል፤ የሚበዛው ባሕር ነው። በጎልማሳነቱ ባሕሩ ደጃፉ ነበር። እሱ ግን ስቱዲዮው ገብቶ ከጭንቅላቱ ነው የሚሥለው። ማዕበልና ነፋስ ለብሩሽ አይቆሙም፣ ይዘናቸው ገብተን ነው የምንሥላቸው ብሎ ያምን ነበር።

የማን ይሻላል? እኔ እንጃ። ዓይኔ የሶሮያን ይወዳል። ኑሮዬ ግን አይቫዞቭስኪ አድርጎኛል። የፈረንሳዩ ሠዓሊ ሞኔም እ.ኤ.አ. በ1870 ትሩቪል ባሕር ዳርቻ ሆኖ የሣላት ትንሽ ሥዕል አለች፣ ለንደን ናሽናል ጋለሪ ውስጥ። ቀለሙ ውስጥ የአሸዋ ቅንጣት ተገኝቶበታል። ነፋሱ ነው ያመጣው። እንዲህ ያለውን ነገር ስሰማ እቀናለሁ፤ አልዋሻችሁም።

መመለስ ካልቻላችሁ ግን ይሄን አድርጉ። ዊስለር የሚባለው ሠዓሊ ለንደን ውስጥ ወንዙን በሌሊት ሊሥል ሲፈልግ እንዲህ ያደርግ ነበር ይባላል። ቆሞ በደንብ ያያል። ከዚያ ጀርባውን ይሰጠዋል። ያየውን ለጓደኛው በቃሉ ይነግረዋል፤ መብራቱ የት እንደነበር፣ ድልድዩ ምን ያህል እንደጠቆረ። የተሳሳተውን ጓደኛው ያርመዋል። በሚቀጥለው ቀን ስቱዲዮው ገብቶ ይሥላል። ከተማችሁ ውስጥ ባለ በማንኛውም ነገር ተለማመዱት። ዐሥር ደቂቃ እዩ፣ ዙሩ፣ ተናገሩ፣ ሣሉ። ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱት። ስልክ ማዕበልን ያሳንሳል፤ ከዚያም ያየላችሁ ስለሚመስላችሁ ማየት ትተዋላችሁ።

ጡንቻው ሲጠነክር ወደ ልጅነታችሁ መልሱት። አንድ ቦታ ብቻ ምረጡ። “ባሕሩ” አትበሉ፤ ጀልባ የሚጎተትበት አንድ ጥግ፣ አንድ ደረጃ፣ አንድ ጠዋት። የምታስታውሱትን ሣሉ። የማታስታውሱትን ደግሞ ባዶ ተዉት። ዋናው እሱ ነው፤ አትሙሉት። እጃችሁ ሊሞላው ይጣደፋል። ወፍ ሊያስገባበት፣ ደመና ሊያስገባበት ይፈልጋል። ናፍቆት የሚገባው በዚያች ቀዳዳ ነው። የኔ ደብተሮች በጥያቄ ምልክት የተሞሉ ናቸው። “የመልሕቁ ገመድ የታሰረው በየት በኩል ነው?” “ውኃው ሲወርድ የግንቡ ድንጋይ እስከ የት ድረስ ይጠቁራል?” አጎቴ በሕይወት እያለ እየደወልኩ እጠይቀው ነበር። ስልኩን ሲያነሳ ሰላምታዬ “ነፋሱ ዛሬ ከየት ነው?” ሆኖ ቀረ። ሳይስቅ ይነግረኛል። እኔም ሳልስቅ እጽፈዋለሁ። እናንተም እዚያ የቀረ ሰው ካላችሁ ደውሉ፤ ዛሬ ደውሉ። ውኃው እንዴት እንደዋለ የሚነግራችሁ ሰው ሲሞት የሚዘጋውን በር እኔ አውቀዋለሁ።

ስለ ማዕበል አንድ ነገር ልጨምር፤ ሥዕላችሁ ላይ ከሁሉ በላይ የሚበላሸው እሱ ስለሆነ። ማዕበል ሲመጣ ውኃው የሚመጣ ይመስላል። አይመጣም። ውኃው እዚያው ክብ እየሠራ ይነሣል ይወርዳል፤ የሚመጣው ቅርጹ ነው። የውኃው ጥልቀት ከማዕበሉ ቁመት 1.3 እጥፍ ገደማ ብቻ የሚሆንበት ቦታ ሲደርስ ነው የሚሰበረው። ስለዚህ ማዕበል በፈለጋችሁት ቦታ አይሰበርም። የተሰበረበትን መስመር ስትሥሉ ከሥር ያለውን የማይታይ መሬት እየሣላችሁ ነው። ዓሣ አጥማጅ ያንን መስመር አይቶ ጥልቀቱን ይነግራችኋል። አጎቴ የእኔ ሥዕል ላይ ቢያየው ኖሮ ጀልባዬ ደረቅ ላይ እንደቆመች ይነግረኝ ነበር። ምናልባት አይቶት ዝም ብሎኝ ይሆናል።

የዕቃ ነገር ብዙ አያስጨንቃችሁ። እንግሊዝ ውስጥ አልፍሬድ ዋሊስ የሚባል ባሕረኛ የነበረ ሰው ሚስቱ ከሞተች በኋላ፣ ሰባ ዓመት ገደማ ሆኖት ነው መሣል የጀመረው። ማንም አላስተማረውም። የካርቶን ቁርጥራጭ ላይ፣ እንደተቀደደ ሳያስተካክለው፣ በመርከብ ቀለም ነው የሚሥለው። የሚወዳትን መርከብ ትልቅ አድርጎ፣ ቤቱን ትንሽ አድርጎ። የሞተው እንኳ በድሆች መጠለያ ውስጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1942። ሥዕሎቹን ስታዩ ግን ማዕበሉ ከየት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ስለ ገንዘብ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ሌላ ሥራ ያዙ፣ አትፈሩት። እኔ ሃያ ዓመት ይዣለሁ።

የጋለሪው ሰውዬስ? ግራጫውን ባሕር ሳሳየው “ምነው፣ ታምመህ ነው?” አለኝ። ሁለት ዓመት አንድም አልወሰደልኝም። የመጀመሪያዋን ግራጫ የገዛችኝ አንዲት አሮጊት ናት። ፊቷ ቆማ ብዙ ከቆየች በኋላ “እንዲህ ነበር የሚያደርገው” አለች። ለማን እንደምትናገር አልገባኝም። አልጠየቅኳትም።

ስለ መጀመሪያዋ ልጅ ግን አንድ ነገር ሳልነግራችሁ አልፌያለሁ። ያን ቀን ቦርሳዋን አንግታ ልትወጣ ስትል ጥጉ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞርኩትን ትልቅ ሸራ አየችው። አጎቴ ካየው ጊዜ ጀምሮ አልሸጥኩትም፣ አላጠፋሁትምም። “ይሄን ማየት ይቻላል?” አለችኝ። የድሮ ነው፣ ምን ያደርግልሻል፣ ካልሽ ግን አዙሪው አልኳት። ስለ አጎቴ ምንም አልነገርኳትም። ያኔ ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር።

አዞረችው። ራቅ ብላ አየችው። ቅንድቧ ተሰበሰበ። ከዚያ ማዶ ያለውን ቤት በጣቷ እየጠቆመች፦ “ጋሼ፣ ይሄ ጭስ ለምንድነው ቀጥ ብሎ የሚወጣው? ጀልባዋ እኮ ነፋስ አላት።”